የኤሮስሚዝ «ፓምፕ» በጎጃም ጆሮ

የቦስተኑ የሮክ ባንድ ኤሮስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን «ፓምፕ» የተሰኘ አልበም ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ውስጥ ነው። አልበሙ 47 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ፍኖተ ሰላም ሳንደርስ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ሙዚቀኞቹ ያን ጊዜ ጀማሪዎች አልነበሩም። ባንዱ በ1970 ከተመሠረተ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተዳክሞ፣ ጊታር ተጫዋቾቹ ጆ ፔሪ በ1979፣ ብራድ ዊትፎርድ ደግሞ በ1981 ጥለውት ሄደው ነበር። ሁለቱ በ1984 ቢመለሱም ሕዝቡ ዳግም የተቀበላቸው ከሱሱ ወጥተው በ1987 ባቀረቡት አልበም ነው። «ፓምፕ» ያንን ተከትሎ፣ በዚያው ፕሮዲውሰር በብሩስ ፌርበርን እጅ፣ በካናዳዋ ቫንኩቨር ተሠራ፤ በአሜሪካ ብቻም ከሰባት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል።

የቅኔ ትምህርት ቤት ባልገባም ያደግሁት ሰምና ወርቅ በሚፈተሽበት አገር ነውና ግጥሙን ሳልመረምር አላልፍም። በሊፍት ውስጥ ስለሚደረግ ፍቅር የሚያወራው ታዋቂ ዘፈን ዜማው እጅግ ደስ ቢልም፣ ሰሙ በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሣ ወርቁ ከሩቅ ይታያል፤ የኛ አዝማሪ በዚህ ቢመጣ ተቀባዩ ይስቅበት ነበር። «ጀርባዬ ላይ ያለችው ጦጣ» እንደ ማለት ያለው ዘፈን ግን ይሻላል፤ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለችው ጦጣ የማትላቀቅ ሱስ ናትና፣ ዘፋኙ ስቲቨን ታይለር ስለ ራሳቸው ያለፈ ሕይወት እየዘፈነ መሆኑን ሰሚው ያውቃል።

እኔን የማረኩኝ በዘፈኖቹ መግቢያ የገቡት አጫጭር ሙዚቃዎች ናቸው። ራንዲ ሬይን-ሩሽ የተባለ የቫንኩቨር ሙዚቀኛ አንድ ቦታ የመስታወት ሃርሞኒካ፣ ሌላ ቦታ ዳልሲመር የተባለውን የአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ባለክር መሣሪያ፣ በሌላው ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚነፋውን የቀርከሃ መሣሪያ ይጫወታል። አዝማሪ ወደ ዘፈኑ ከመዝለቁ በፊት ማሲንቆውን እያሟሸ ሰሚውን እንደሚያዘጋጀው ሁሉ፣ እነዚህም የከበሮው ድምፅ ድንገት እንዳይወርድብን ያደርጋሉ።

ከሁሉም የላቀው ታይለር ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቶም ሃሚልተን ጋር የጻፈው፣ የግራሚ ሽልማት ያገኘው የጄኒ ዘፈን ነው። የገዛ አባቷ የደፈራት ልጅ መሣሪያ ማንሣቷን ሲተርክ፣ ቀደም ሲል ያሽካካ የነበረው ድምፅ ወደ እንጉርጉሮ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከቀልዶቹ ጎን ማስቀመጣቸው ቅር ቢለኝም፣ ለዚህ አንድ ዘፈን ስል አልበሙን ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ለመስማት ያሰበ ሰው በጥሩ ማዳመጫ ቢሰማው ይሻላል፤ በሚኒባሱ ድምፅ ማጉያ ሞክሬው ጊታሩ ሁሉንም ዋጠውና የዳልሲመሩ ክር ጨርሶ አልተሰማኝም።