ጎንደር ውስጥ ገብስና ስንዴ የሌለበት እንጀራ ለቸገራችሁ

ማራኪ ሰፈር እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሰፈርተኛው «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ካልሆነ ዕዳ ይሆንብኛል።

ልጄ ሴሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባት የታወቀው አምና ነው። ከዚያ በፊት ሆዷ ይነፋል፣ ትከሳለች፣ ፊቷ ይገረጣል። ደም ማነስ ነው ተብሎ የአይረን ኪኒን ብትወስድም ለውጥ የለም። ትላትል ነው፣ ጃርዲያ ነው እየተባለ ያልዋጠችው መድኃኒት የለም። በመጨረሻ የደም ምርመራ ተደረገላት፣ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወሰደ፣ ያኔ ተለየ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱን ስትበላ የራሷ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ አንጀቷን ያጠቃዋል። የተጎዳ አንጀት ደግሞ አይረኑንም ሌላውንም ምግብ በወጉ አይመጥም። ኪኒኑ ጠብ ያላለላት ለዚህ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው።

ሐኪሙ «ጤፍ ትብላ» ሲለን እፎይ አልን። የጤፍ አገር ሰዎች አይደለንም እንዴ? ገበያ ስንወጣ ነው ጉዱ የታየው። ጤፍ ሲወደድ እንጀራ ላይ የማይደባለቅ ነገር የለም። የፎገራ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ ይገባበታል። እነዚህ ግሉተን ስለሌላቸው ለልጄ ችግር የለባቸውም። ፈተናው ገብሱና ስንዴው ነው። እኔ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው፣ የተከራየነው ቤትም ምጣድ መጣጃ ቦታ የለውም። ስለዚህ ገዝተን ነው የምንበላው። የጠየቅኩት ሻጭ ሁሉ «ንጹህ ጤፍ ነው» ይለኛል። ልጄ ትበላለች፤ ማታ ሆዷን ይዛ ትተኛለች።

እትዬ ዘንድ በጎረቤት ጥቆማ ሄጄ ያንኑ ጠየቅኳቸው። «አይ ልጄ፣ የእኔ እንጀራ ገብስ አለበት። ለታመመ ልጅማ አልሸጥልሽም» አሉኝ። እዚያው ደጃፋቸው ላይ እንባዬ መጣ። ብሬን ይዤ ቆሜ ሳለ አልሸጥም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አስገብተው አስቀመጡኝና ስለ ሕመሙ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከሐኪም የሰማሁትን ነገርኳቸው። የቀረውን ራሳቸው አሰቡት።

መጀመሪያ ያነሱት እርሾውን ነው። ገብስ ካለበት ሊጥ የመጣ እርሾ ጤፉ ላይ ከተጨመረ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከጤፍ ብቻ አዲስ እርሾ አስነሱ። ቡሃቃውን ለዩ፣ ሰፌዱን ለዩ፣ የምጣድ ማሰሻውን ጨርቅ ለዩ። ወንፊቱ ጠርዝ ላይ የቤት ሰው እንዳይሳሳት ቀይ ክር አሰሩበት። ጤፉንም ሳይፈጭ በጠባብ ወንፊት ይነፉታል። የገብስና የስንዴ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ ከላይ ይቀራል።

ከባዱ ወፍጮ ቤቱ ነው። ስንዴ ተፈጭቶ ጤፍ ሲከተል፣ ድንጋዩ ላይ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። እትዬ ከባለ ወፍጮው ጋር ተነጋግረው በጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ ይገባሉ። ድንጋዩ ተጠርጎ እንኳ መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለልጄ አይሰጡም። እሱን ለሌላው እንጀራ ለብቻው ይቀበሉታል። ቀጥሎ የሚወርደውን ነው በእሷ ከረጢት የሚይዙት። አንድ ጠዋት አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ እየነፈሰባቸው የከረጢቱን አፍ ራሳቸው ይዘው ቆመዋል፤ ለማንም አልሰጡም። የእሷ እንጀራ የሚጋገረውም በሌሊት፣ ከሁሉ በፊት ነው።

አሁን ልጄ ሆዷ ጎደለ፣ ፊቷ ወዝ አገኘ። የደሟም መጠን ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ያልቀለለን ግብዣው ነው። ማኅበር ላይ ዳቦ አለ፣ በሶ አለ፣ ጠላው በብቅል ነው፤ እምቢ ስትል «በሞቴ» ይመጣል። ለጥምቀት እንግዳ ሞልቶብን ሳለ እትዬ በኮባ የተጋገረ የበቆሎ ዳቦ ልከውላት እሷም ከሰው እኩል ዳቦ ቆረሰች። ይህን ውለታ በምን እከፍላለሁ?

ማዘዝ ለምትፈልጉ፦ ሊጡ መቡካት ስላለበት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዋጋው ከተራው እንጀራ ይወደዳል፤ ድካሙን ላየ አይበዛም። አንድ ነገር ግን ልናገር፣ እሳቸውም ንገሪልኝ ብለዋል። ቤታቸው ገብስም ስንዴም ይገባል፣ እንጀራውም በላቦራቶሪ አልተመረመረም። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከግሉተን ነጻ የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለው ነው። እዚያ ደረጃ ስለመድረሱ ማረጋገጫ ወረቀት የለንም። ስለዚህ ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩ፣ ክትትላችሁንም አታቋርጡ።

ሕመሙን የምትጠረጥሩ ደግሞ ሳትመረመሩ ስንዴና ገብስ አታቁሙ። ቀድማችሁ ካቆማችሁ ውጤቱ ሕመሙን ላያሳይ ይችላል። በዘር ስለሚሄድም ወንድምና እህትን ማስመርመር ጥሩ ነው፤ እኛም አስመርምረናል።

የእትዬን ስልክ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ለሕመምተኛ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለሌላው የሚጋግሩት አሁንም ገብስ አለበት።