የሰፈር ልጆች ግሩፕ፦ ቴሌግራም ወይስ ዋትስአፕ?

የድሬዳዋዋን ሰፈር የከዚራን ልጆች፣ ውጭ ያሉትንም ጨምሮ፣ አንድ ቦታ ላሰባስብ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው።

ብዛት፦ ዋትስአፕ 1,024 ሰው ላይ ያበቃል። ቴሌግራም እስከ 200,000 ይይዛል፤ ጎረቤት ሰፈሮቹ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ተጠራርተው ቢገቡም አይሞላም።

ስልክ ቁጥር፦ ቴሌግራም ላይ መደበቅ ይቻላል። ዋትስአፕ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያየዋል፣ እና ማታ ማታ ማንነቱን የማታውቀው ሰው «ሃይ» ሲላት ግሩፑን ጥላ የምትወጣው ሴት ናት።

የአድሚን ድካም፦ ከበርጫ በኋላ የድምፅ መልእክት በላይ በላይ የሚደራርብ አይጠፋም አቦ! ቴሌግራም ስሎው ሞድ (አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ እንዳይልክ የሚገድብ) አለው፣ ሊንክ የሚያጠፋ ቦትም ይጨመርበታል። ክሪፕቶ ሻጩም የሚበዛው ግን እዚያው ነው።

ለሚተዋወቁ ሰዎች፣ ለእድርና ለመዋጮ፣ ዋትስአፕ ይበቃል፤ እናቶችም ለምደውታል። በየአገሩ ለተበተነ ብዙ ሰው፣ አዲስ ገቢ የድሮውን ፎቶ ወደኋላ ሄዶ እንዲያይ ከተፈለገ፣ ቴሌግራም።