ቫሪያብል ኤንዲ ፊልተር በወሎ ፀሐይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በቀጥታ ወደ ፍርዱ ልግባ። ፊልተሩ ይሠራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ግን አይሠራም። ደሴ ተቀምጦ በጠራራ ፀሐይ የሚጋልብ ፈረስ በዘገየ ሸተር፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ፣ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ግን ከአዲስ ሌንስ በፊት የምመክረው ይሄንን ዕቃ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ቫሪያብል ኤንዲ ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት ነው። የፊት ቀለበቱን ስታዞሩት ይጠቁራል፣ ስትመልሱት ይፈካል። የኔው 58 ሚሊሜትር ነው። ካኖን 200ዲ ላይ በ18-55 እና በ55-250 ሌንሶች እሠራበታለሁ። የሁለቱም የፊት ክር 58 ስለሆነ አንድ ፊልተር ለሁለቱም በቃኝ። 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ግን ክሩ 49 ነው፤ ለሱ ማገናኛ ቀለበት መግዛት ነበረብኝ። ፊልተሩን ከዱባይ የሚመላለስ ሰው አመጣልኝ፤ ዋጋው ከአንድ ሰርግ ቀብድ ያነሰ ነበር። ብራንዱን አልጠራም። ርካሽ ከሚባሉት ጎራ ነው፣ እሱን ማወቅ ይበቃል።

ያጠመደኝ የሰርፊንግ ፎቶ ነው። ሃዋይና ፖርቱጋል ባሕር ላይ በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡትን ታውቋቸዋላችሁ። አብዛኛው ፎቷቸው በ1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያም በፈጠነ ሸተር የተነሣ ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትታያለች። አንዳንድ አንሺዎች ግን ሸተሩን ወደ 1/30፣ ወደ 1/15 ያወርዱትና ካሜራውን ከሰውየው ጋር እኩል ያዞሩታል። ፓኒንግ የሚባለው ነው። ሰውየው ይለያል፤ ውሃው ግን ክር ክር ሆኖ ይሳባል። የመጀመሪያው ዓይነት ፎቶ የሰውየውን ጥበብ ያሳያል። ሁለተኛው ፍጥነቱን ያሳያል። እኔ ሁለተኛውን ወደድኩ። ወሎ ባሕር የለም፤ ፈረስ ግን አለ።

ችግሩ ብርሃኑ ነው። ሰርፈር የሚያነሱት ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መውጣት ይችላሉ፤ ብርሃኑ ደከም ሲል ሸተሩም በዚያው ይዘገያል። የኛ ነገር በቀን ነው። ታቦቱ የሚመለሰው በቀን፣ ፈረሱ የሚጋልበው በቀን፣ ሙሽራው የሚመጣው በቀን። ለፎቶግራፈር ብሎ ሰዓት የሚያዛውር የለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጥር ላይ ሰማዩ ከጠራ ቀን 6 ሰዓት ላይ ያለው ብርሃን ዓይን ያጠፋል። አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 11 ብትሉት ካሜራው 1/200 አካባቢ ይሰጣችኋል። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ብታጠቡት 1/50 ትደርሳላችሁ። ያም ሆኖ ውጤቱ አያስደስትም። ኤፍ 22 ላይ ምስሉ ይደክማል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለች አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆና ትወጣለች። ፊልተሩ አራት ስቶፕ ሲቀንስ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፣ ማለትም ብርሃኑን 16 ጊዜ ሲያሳንሰው፣ እዚያው ኤፍ 11 ላይ ሆናችሁ 1/13 ትገባላችሁ። ገንዘቤን ያወጣሁት ለዚህች ሒሳብ ነው።

እጄን ያፍታታሁት በባጃጅ ነው። ፒያሳ ጥግ ይዞ መቆም ነው እንግዲህ። ባጃጅ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ አስፋልት ላይ ብዙ አይነጥርም፣ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ከኋላው አለ። እግርን ከፈት ማድረግ፣ ክርንን ጎን ላይ ማጣበቅ፣ በእጅ ሳይሆን ከወገብ መዞር። ዋናው ደግሞ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላም መዞሩን አለማቆም። 1/30 ቶሎ ይለመዳል። አንዳንድ ሾፌሮች የትራፊክ ካሜራ መስሏቸው ቀስ ይሉብኝ ነበር፤ ለመንገዱ ጥሩ ነው፣ ለፎቶው ግን አልጠቀመኝም።

ፈረስ ሌላ ዓለም ነው። ወደ ወረኢሉ በኩል ሰርግ ስሠራ አጃቢዎቹ በፈረስ ሲመጡ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚጋልብ ፈረስ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ይናጣል። ካሜራው የሚከተለው ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ 1/15 ላይ የጋላቢው ፊት በቁመቱ ይሳባል፣ አፍንጫው ግንባሩ ላይ ይወጣል። ሰርፈሩ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ማዕበሉን ተከትሎ ሲንሸራተት ለጥቂት ጊዜ ለስላሳ መስመር ይይዛል። ለፈረስ የተስማማኝ ከ1/30 እስከ 1/40 ነው። እግሮቹ ይጠፋሉ፣ ጭራው ይበተናል፣ ፊቱ ግን ይቀራል። 1/15ን ለእርምጃ አስቀርቼዋለሁ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ለሚገባ ግመል ለምሳሌ በጣም ይሆናል። ግመል የአንድ ጎኑን ሁለት እግሮች አንድ ላይ ስለሚያነሳ ሲሄድ ይወዛወዛል፤ ጭነቱና ሻኛው ላይ የሚታየው መሳብ ደስ ይላል።

ከሸተሩ እኩል የሚወስነው ደግሞ ከኋላ ያለው ነገር ነው። ለሰርፈሩ ውሃው ራሱ ነጭ አረፋና ጥቁር ጥላ አለው፤ ካሜራው ሲዞር መስመሩ በራሱ ይሰመራል። ሜዳ ላይ ግን ከፈረሱ ኋላ ቢጫ ሣርና ባዶ ሰማይ ብቻ ካለ የሚሳብ ነገር የለም። ፈረሱ የቆመ ይመስላል፣ ያውም የደበዘዘ። ስለዚህ የምቆምበትን የምመርጠው ሕዝቡ ከፈረሱ ኋላ እንዲሆን ነው። ነጠላው፣ ጃንጥላው፣ ባለ ቀለም ሻሹ፣ ሁሉም መስመር ይሆናል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ካርቶኑ ከኤንዲ 2 እስከ ኤንዲ 400 ይላል፤ ከአንድ ስቶፕ እስከ ስምንት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ውሸት ነው ባልልም የሚጠቅመው ግማሹ ነው። ዕቃው ሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) ተደራርበው የተሠራ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲዞር ብርሃኑን ይዘጋሉ። መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ በ18 ሚሊሜትር፣ ማለትም ሌንሱ በጣም ሰፍቶ ሲያይ፣ ፎቶው መሐል ጥቁር መስቀል ይወጣል። ይሄ የኔው ፊልተር ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው። ከአምስት ስቶፕ በላይ ዞር አድርጌው አላውቅም ማለት ይቻላል። ለፈረስና ለግመል ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ይበቃል።

ቀለሙም ይቀየራል። በጠቆረ ቁጥር ወደ ቢጫ ያደላል። ወሎ ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰዉ ነጭ ለባሽ ነው። ላሊበላ ገና ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ በ1/4 አነሣሁ፤ ክርኔን አለቱ ላይ አስደግፌ። እንቅስቃሴው እጅግ ያምራል፣ ነጩ ግን ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። መፍትሔው ፊልተሩ እንዳለ ነጭ ጨርቅ አንስቶ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን የሚለካበትን) በሱ ማስተካከል ነው። ነጠላ ያው ሁሌም አጠገባችሁ አለ። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ማንሳትም ይረዳል።

250 ሚሊሜትር ላይ ጥራቱ ይቀንሳል። በ1/30 ፓኒንግ ማንም አያውቀውም፤ የቆመ ሰው ፊት ስታነሱ ግን ይታያል፣ ያኔ አውልቁት። ቪውፋይንደሩም (ዓይናችንን የምናስጠጋበት መስኮት) ይጨልማል፤ ፎከሱን ሳላጨልመው አስቀድሜ እይዘዋለሁ። ሐይቅ ዳር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፖላራይዘር ስለሆነ ቀለበቱ ሲዞር የውሃው ነጸብራቅም አብሮ ይመጣል ይሄዳል። ብርሃኑን ላስተካክል ስል የእስጢፋኖስ ገዳም ባሕረ ገብ መሬት ዛፎች ጥላ ከውሃው ላይ ይጠፋብኛል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማዘዝ አይቻልም። ለውሃ ሥራ ቋሚ ኤንዲ ይሻላል።

አቧራው ነው እንግዲህ የጎዳው። ከባቲ ስመለስ ቀለበቱ ሲዞር አሸዋ እንደሚፈጭ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። በንፋስ መንፊያ ሲነፋ ይሻለዋል፣ ጨርሶ ግን አልተወውም። በሁለቱ መስታወቶች መካከል የገባው አይወጣም፤ መፍታትም አልሞከርኩም።

ደንበኞች? እዚህ ጋ ነው ክርክሩ። ሰርግ ላይ እስክስታን በዘገየ ሸተር ማንሳት ሱስ ሆኖብኛል። ድንኳኑ ጥላ ስለሆነ ፊልተሩ እንኳ አያስፈልግም፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ካለ ግን ግድ ነው። 1/15 ላይ ትከሻው ማዕበል ይሆናል፣ ፊቱ ይተርፋል። 1/4 ላይ ፊቱም ይሄዳል። ሲመሽ ፍላሹን በሁለተኛው ከርተን አደርገዋለሁ፤ ሸተሩ ሊዘጋ ሲል ስለሚበራ ንቅናቄው ከኋላ ይቀርና ፊቱ ይጠራል። ሙሽሮቹ ይወዱታል። እናትየው ግን አልበሙን ገልጠው «ልጄ፣ ይሄ ተንቀጥቅጦብህ ነው?» ይሉኛል። «አይ እማማ፣ ትከሻዋ ነው» እላለሁ። አያምኑኝም። ስለዚህ ለአንድ ጭፈራ መጀመሪያ በ1/250 የጠራ አነሣና ለአልበሙ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ነው የምጫወተው። የተከፈለበት ሥራ ላይ ይሄን ቅደም ተከተል አትልቀቁ።

ቢጠፋብኝ ይሄንኑ ደግሜ አልገዛም። ከሁለት እስከ አምስት ስቶፕ ብቻ የሚሠራ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ የሚል ዓይነት አለ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን መስቀሉ አይወጣበትም፣ ጋላቢው እየመጣ ሳለም ቀለበቱን ሳላይ ማዞር እችላለሁ። አዲስ ገዢ ከሆናችሁ በቀጥታ ወደሱ ሂዱ። በጀቱ ካልፈቀደ የኔ ዓይነቱን ግዙና አምስት ስቶፕ የሚያልቅበት ቦታ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። የኔው ላይ የጥፍር ቀለም ነው ያለው፤ የእህቴ።