«ሙሉ የአየር ሁኔታ መለኪያ» ተብሎ ከሚሸጠው የሴንሰር ጥቅል ተጠንቀቁ

ራስቤሪ ፓይ ለተባለው ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር የሚሆን «ሙሉ የአየር ሁኔታ መለኪያ» ተብሎ በበይነ መረብ የሚሸጠውን የሴንሰር ጥቅል ለማዘዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ገዝቼዋለሁ። ሦስት ምሽት ጨርሶብኛል፤ አንድ የኮምፒውተሬ ፒንም (ሽቦ የሚሰካበት እግር) ተቃጥሎብኛል።

ዋናው ማታለል ያለው ቢኤምኢ280 በተባለው ሴንሰር ላይ ነው። ቦሽ የሚያመርታቸው፣ ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ቢኤምኢ280 ሙቀትን፣ የአየር ግፊትንና እርጥበትን ይለካል። ቢኤምፒ280 ግን ሙቀትና ግፊት እንጂ እርጥበት አያውቅም፤ በዋጋም ይረክሳል። ሁለቱ የሚቀመጡበት ትንሽ ሰሌዳ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለእኔ በደረሰኝ ሰሌዳ ጀርባ ላይ የሁለቱም ስም አብሮ ታትሟል፤ ማስታወቂያው የሚናገረው ግን ስለ ቢኤምኢ280 ብቻ ነው።

እንደ ደንቡ አገናኘሁት። ኃይሉን ከፒን 1 ባለው 3.3 ቮልት፣ የመረጃ መስመሩን ከፒን 3፣ የሰዓት ምቱን ከፒን 5፣ ግራውንዱን (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ከፒን 9። ሴንሰሩና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበትን የአይ ቱ ሲ መስመር ከፈትኩ፤ ሴንሰሩም በአድራሻ 76 ላይ ታየ። አብሮ የመጣውን ፕሮግራም ሳስነሳው ሙቀቱ መጣ፣ ግፊቱ መጣ፣ እርጥበቱ ግን 0 ሆነ። አፌን አስጠግቼ ተነፈስኩበት። ሙቀቱ ወዲያው ከፍ አለ፤ እርጥበቱ 0 እንዳለ ቀረ።

ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ሽቦዎቹን ቀየርኩ። የማስተካከያ ፋይሉ ቡክዎርም ከተባለው የ2023 የስርዓተ ክወናው እትም ጀምሮ ወደ ሌላ ማኅደር መዛወሩን አስታውሼ፣ የተሳሳተውን ፋይል እያረምኩ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሠራሁ። በመጨረሻም ስርዓተ ክወናውን ራሱን እንደ አዲስ ጫንኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኔ ይህን ሥራ ዓመታት ለምጄዋለሁ፤ ገና የሚጀምር ተማሪ ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ያስቀምጠዋል። የተሸጠለት የተሳሳተ ዕቃ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

በሦስተኛው ምሽት ሴንሰሩን ራሱን ጠየቅኩት። እነዚህ ሴንሰሮች ዲ0 በተባለው ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የማስታወሻ ቦታ) ውስጥ የማንነት ቁጥራቸውን ይይዛሉ። ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት በሚቆጥር አጻጻፍ) ሲነበብ ለቢኤምኢ280 60፣ ለቢኤምፒ280 ደግሞ 58 ነው። አይቱሲጌት በምትባለው ትዕዛዝ የመስመሩን ቁጥር 1፣ አድራሻውን 76፣ ሬጅስተሩን ዲ0 ሰጥቼ አስነበብኩ። መልሱ አንዲት መስመር ነበረች፤ 58። ከዚያ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የቢኤምኢ280 የብረት ክዳን በሁሉም ጎኑ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ እኩል ካሬ ነው፤ የቢኤምፒ280 ግን 2 በ2.5 ስለሆነ ሞላላ ነው። በእጄ ያለው ሞላላው ነበር። ልዩነቱን ካወቃችሁት በዓይን ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ ሻጩን ከማዘዛችሁ በፊት ክዳኑ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ ጠይቁት።

የተቃጠለው ፒን ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በጥቅሉ ውስጥ በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 አለ። ይህ መሣሪያ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ኤኮ በተባለው እግሩም 5 ቮልት መልሶ ይልካል። የራስቤሪ ፓይ ፒኖች ደግሞ ከ3.3 ቮልት በላይ እንዲቀበሉ አልተሠሩም። በመካከሉ ባለ 1 ኪሎ ኦምና ባለ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ገብተው ቮልቴጁን ማውረድ አለባቸው። በጥቅሉ ውስጥ አንድም ሬዚስተር የለም። አብሮ የመጣው ሥዕል ኤኮን በቀጥታ ከፒን 18 ጋር ያገናኛል። ደክሞኝ ስለነበር ሥዕሉን አመንኩት። አሁን ያ ፒን ምንም ሳይገናኝበት፣ ከግራውንድ ጋር ሳገናኘውም እንኳ፣ ሁልጊዜ 1 ብቻ ያነባል። ሌሎቹ ፒኖች መትረፋቸው ዕድል ነው። ሥዕሉን ተከትላችሁ ያገናኛችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ንቀሉት።

የአፈር እርጥበት መለኪያውም እንዲሁ ጎደሎ ነው። ራስቤሪ ፓይ የአናሎግ መቀበያ (ከ0ና ከ1 ሌላ በመካከል ያለውን የቮልቴጅ መጠን የሚያነብ) ስለሌለው መጠኑን ለማንበብ እንደ ኤምሲፒ3008 ያለ መለወጫ ያስፈልጋል፤ እሱም አልተካተተም። ያለ መለወጫ የምታገኙት «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» የሚል መልስ ብቻ ነው። «ለሁሉም ሞዴሎች ይሠራል» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈው ፒኖቹን ለማዘዝ በሚያገለግለው አሮጌ የኮድ ስብስብ (አርፒአይ-ጂፒአይኦ ላይብረሪ) ስለሆነ በራስቤሪ ፓይ 5 ላይ አይነሳም። የዚያ ሞዴል ፒኖች የሚታዘዙት አርፒ1 በተባለ ሌላ ቺፕ በኩል ነው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። በመጀመሪያ «ሙቀት ካነበበ ዕቃው ደህና ነው፤ ቅንብርህን አስተካክል» አለኝ። 58 የሚለውን ውጤትና የክዳኑን ፎቶ ስልክለት የመመለሻው ጊዜ ማለፉን ነገረኝ። አልፎ የነበረውም በአንድ ቀን ነው፤ ያ ጊዜ የጠፋው የራሴን ጥፋት ስፈልግ ነበር። የፒኑን ነገር ሳነሳበት ጭራሹን መመለስ አቆመ።

ጥቅሉን አዝዛችሁ እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ ፖስታውን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ፤ በዚያው ቀን ከሌላው ሁሉ በፊት የዲ0ን ቁጥር አንብቡ። 58 ካያችሁ ምንም ነገር ሳታስተካክሉ የመመለሻ ጥያቄያችሁን አስገቡ። እኔ ከሌላ ሻጭ ለብቻው ያዘዝኩት ሴንሰር ትናንት ደርሶኛል፤ 60 አነበበ። በእነዚያው ሽቦዎች፣ በእነዚያው ፒኖች፣ ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ፊደል ሳልነካ እርጥበቱን 47 በመቶ ብሎ አሳየኝ።