ደብረ ብርሃን ያለው የቆዳ ክሊኒክ፦ ለሳርኮይዶሲስ ይበቃል?

ሳርኮይዶሲስ ቆዳ፣ ሳንባና ዓይን ላይ ጥቃቅን እብጠት የሚያወጣ በሽታ ነው። የክሊኒኩ ምርመራ ጥሩ ነው፤ ናሙና አያያዙ ግን ይጎድለዋል። ሐኪሙ እብጠቱን በመስታወት ተጭኖ ቢጫ ቡናማ ቀለም ይፈልጋል፣ የድሮ ጠባሳና የአንገት ንቅሳትም ያያል፤ ሳርኮይዶሲስ እዚያ ላይ ማበጥ ይወዳልና። ቅልጥም ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላጥ ቆዳም አያመልጠውም። ፀጉር የረገፈበትን ቦታ «ላሽ ነው» ብሎ በቅባት አይሸኝም፤ የፀጉር ቀዳዳው ጠፍቶ ቆዳው ከለሰለሰ ጠባሳ ነው፣ ፀጉሩም ላይመለስ ይችላል።

ችግሩ፣ 4 ሚሊ ሜትር የቆዳ ናሙና ወስደው ሁሉንም ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ ይከቱታል። ፎርማሊን ጀርም ስለሚገድል ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ መለየት) አይሠራም። በእኛ አገር ደግሞ ቲቢ፣ ሥጋ ደዌና ቁንጭር ሳይጣሩ ፕሬድኒሶሎን (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) መጀመር አደጋ ነው። ሁለተኛ ናሙና በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) እንዲቀመጥ ቀድማችሁ ጠይቁ። የደረት ራጅና የዓይን ምርመራ ሌላ ቦታ ነው የሚያዙት።