ሁለት ልጓም፦ የ1781 የኮንፌዴሬሽን ውልና የ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት

ሁለቱም ሰነዶች ከአንድ ስጋት የተወለዱ ናቸው፤ የእንግሊዝን ንጉሥ ያስወገደ ሕዝብ በገዛ እጁ ሌላ እንዳያነግሥ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

13ቱ የአሜሪካ ግዛቶች መጀመሪያ የተሳሰሩበት፣ በ1781 የጸናው የኮንፌዴሬሽን ውል ማዕከላዊውን መንግሥት የገደበው ሥልጣን በመንፈግ ነው። ኮንግረሱ ግብር አይጥልም፤ ከግዛቶች መዋጮ ይጠይቃል፣ ያልፈለገ አይከፍልም። ሕግ አስፈጻሚ ፕሬዚዳንት የለም። ጦርነት ለመግጠም ከ13ቱ የ9 ግዛቶች ድምፅ ያስፈልጋል፤ ውሉን ለማሻሻል ግን የሁሉም። መዘዙ የመጣው ከዚህችው ነው፦ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን የነጻነት ጦርነት ዕዳ ለመክፈል የታሰበው የ5 በመቶ የገቢ ዕቃ ቀረጥ፣ በ1782 ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ ስላለች ወደቀ።

የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ግን ሥልጣን ይሰጣል፣ ከፋፍሎ። ኮንግረስ ግብር ይጥላል። ፕሬዚዳንቱ ሕግ ሲመልስ በሁለቱም ምክር ቤቶች የ2/3 ድምፅ ከተገኘ እምቢታው ይሻራል። ማሻሻያ በ3/4 ግዛቶች ይጸድቃል፤ አንዲት ግዛት ብቻዋን አታግድም። በእኛ ዓይን ጠንካራዋ ልጓም ብዙ ሰው የማያስተውላት ናት፦ ጦሩን የሚያዘው ፕሬዚዳንቱ ቢሆንም፣ ለምድር ጦር የሚፈቀደው በጀት ከ2 ዓመት አያልፍም። ቦርሳው ከኮንግረስ ኪስ አይወጣም።

እንከን አልባ ግን አልነበረም። የመናገርና የእምነት ነጻነት የገቡት በ1791 በጸደቁት 10 ማሻሻያዎች ነው። ባሪያ ከውጭ ማስገባትንም ኮንግረስ ከ1808 በፊት እንዳይከለክል እጁን አስሮታል።