የምሳ ዕረፍት፦ በክፍያ ወይስ ያለ ክፍያ?

በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ዕረፍት ይከፈልበታል፤ የ30 ደቂቃ የምሳ ሰዓት ግን ሠራተኛው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነጻ እስከሆነ ድረስ አይከፈልበትም። ክፍያ በሌለው አሠራር የ8 ሰዓት ደመወዝ የሚያገኘው 8 ሰዓት ተኩል ሥራ ቦታ የዋለ ነው፤ ይህ ያልተከፈለበት ግማሽ ሰዓት በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ሰው በ50 ሳምንት 125 ሰዓት ይሆናል። ለአሠሪው ወጪ መቀነሱ አይካድም። ይሁንና ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩባቸው የዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያዎች፣ ብቻውን ተረኛ የሆነ ሰው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሳይጎርስ ደንበኛ ቁልፍ ሊጠይቀው ይችላል፤ እንዲህ የተቋረጠ ምሳ በደንቡም ቢሆን የሥራ ሰዓት ነው፣ ማስመስከሩ ግን (ያውም ከአለቃ ጋር) ቀላል አይደለም። በክፍያ የሚሰጠው ዕረፍት ይህን ክርክር ከሥሩ ስለሚያስቀር፣ ተተኪ በሌለበት ሥራ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።